ለበግ አይሰጥ

የአሳማውን ሥዕል ቆርጬ የጣልኩት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ ሰው የለም። «ጣልኩት» ማለቴም ውሸት ነው፤ ጥዬው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2015 በረመዳን፣ ሪያድ ሰናኢያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የእንስሳት መኖ ፋብሪካ ነው። የጫጩትና የበግ መኖ እናዘጋጃለን። በቆሎው ይፈጫል፣ ፉርሽካው ይጨመራል፣ መጨረሻ ላይ ከባሕር ማዶ በከረጢት የሚመጣው የማዕድን ዱቄት ይገባና ማደባለቂያው ይዞራል። ማደባለቂያው ላይ የምንሠራው ሁለት ነበርን፤ እኔ እሸቱ፣ የወሎ ክርስቲያን፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለኝ፤ እና ረሺድ፣ የከሚሴ ሰው፣ ኢቃማ ያለው፣ ለሥራው እንደ ሶላቱ የሚጠነቀቅ።

አገር ቤት ሳለሁ በእንስሳት እርባታ ዲፕሎማ ይዣለሁ። ሪያድ ውስጥ ይህን የሚያውቁት ረሺድና የበግ ጠባቂው ዓሊዬ ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ከእኔ በላይ ይኮሩበት ነበር። ረሺድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ባየ ቁጥር ወደ እኔ እየገፋ «የተማረ ይግደለኝ» ይላል። እየሳቀ ነው የሚለው። እኔም እስቅ ነበር።

ኮሌጅ ሳለን መጽሐፉ ውስጥ የአሳማ ምዕራፍ ነበር። መምህራችን እዚያ ሲደርስ «ይሄ እኛን አይመለከትም» ብሎ ስምንት ገጽ አንድ ላይ ገለበጠ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። በሌላው ሁሉ ብንለያይ በእሪያ ነገር አንድ ነን። ያ የተገለበጠ ስምንት ገጽ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቀኝ ማን ይነግረኛል።

ያን ቀን ከዙሁር ሶላት በፊት አዲስ የመጡ ከረጢቶችን እያራገፍን ሳለ ረሺድ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«አዑዙ ቢላህ። እሸቱ ወንድሜ፣ ና ይሄን እይልኝ።»

ስድስት ከረጢቶች ላይ ትንሽ አሳማ ተስሏል። ሮዝ ነው፤ አንድ ጆሮው ታጥፏል፤ ፈገግ ብሏል። የላከው አገር መጋዘን ውስጥ አንዱ ተሳስቶ ከጫጩቱ ጋር ጭኖታል ማለት ነው።

«ጾም ይዣለሁ» አለ ረሺድ። «በእጄ አልነካውም። ባለቤቱ ሙዲሩ ቢያየው ደግሞ እኛ ያመጣነው ነው የሚመስለው። ውስጡ አሳማ አለበት እንዴ?»

«የለበትም። ለአሳማ ግልገል የተዘጋጀ ማዕድን ነው። ዚንክ፣ ብረት፣ የመሳሰለው፤ ከእህሉ ውስጥ ማዕድኑን የሚያወጣ ኢንዛይምም ይኖረዋል። የተፈጨ ድንጋይ በለው። ድንጋይ ደግሞ ሃይማኖት የለውም።»

«ሥዕሉ ግን አለው» አለ ረሺድ።

እውነቱን ነበር። ፊቱ ገርጥቶ ሳየው አሳዘነኝ። ከንፈሩ በጾም ደርቋል፣ ከሱሁር ሰዓት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም፣ በዚያ ላይ ይህ ሲጨመርበት አልቻልኩም። «አብሽር፣ እኔ አጠፋዋለሁ» አልኩትና መቁረጫዬን አወጣሁ። ከረጢቱ የተደራረበ ወረቀት ስለሆነ የላይኛውን ብቻ በሥዕሉ ዙሪያ በጥቼ ላጥኩት። ከሥዕሉ ሥር ደቃቅ ጽሑፍ ነበር። አላነበብኩትም። ዓይኔን ከእሪያው ላይ ቶሎ ማንሳት ነበር የፈለግኩት። በዚያ ወለል ላይ ማንበብ የምችለው አንድ ሰው እኔ ነበርኩ፣ እኔም ሳላነብ ቆረጥኩ።

ስድስቱን ቁራጭ ቆሻሻ ውስጥ ብጥለው አንዱ ያገኘዋል። እንዳላቃጥለው የመኖ ብናኝ ባለበት እሳት አይጫርም። አጥፌ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩትና ማደሪያዬ ስደርስ ፍራሼ ሥር አስገባሁት። እዚያው ረሳሁት።

የሥራ ኃላፊያችን አብዱልወሀብ ከሶላት ሲመለስ ከረጢቶቹን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። «ስሙ የታለ?»

«መንገድ ላይ ተቀዶ ነው። ማዕድን ነው» አልኩት።

«የጫጩቱ በልኩ አለ። ይሄን ለበጎቹ አድርጉት። ያላ።»

አደረግነው። ረሺድ ጾሙን እንደያዘ ነበር የሠራው፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሲመርቀኝ ዋለ።

በጎቹ የፋብሪካው ባለቤት የራሱ ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሐውሽ በሚሉት የከብት ግቢ ውስጥ ለአረፋ የሚደለቡ ዘጠና ጠቦቶች ናቸው። ጠባቂያቸው ዓሊዬ ነው። ዓሊዬ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ግን ያ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። በ2013 መንፉሐ ሰፈር ውስጥ ኢቃማ የሌለው ሰው አፈሳ ሲጀመር አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሆነን በር ቆልፈን ሦስት ቀን ተቀመጥን። ዓሊዬ በአራተኛው ቀን የበግ መኪና ይዞ መጣ። ከመኪናው ወለል ላይ አስተኝቶ ገለባ አለበሰኝና ሃያ በግ ላዬ ላይ አቆመብኝ። በየፍተሻው ሲያስቆሙት «በግ ነው፣ በግ ነው» ሲል እሰማዋለሁ። ሐውሹ ውስጥ ሃያ ቀን ደበቀኝ። ሃያውንም ቀን ከሳህኑ ነው የበላሁት።

ዓሊዬ በየጁምዓው ይደውልልኛል። ነሐሴ ላይ የደወለው ስልክ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

«እሸቱ ወንድሜ፣ ጠቦቶቹን ብታያቸው። ጸጉራቸው ያበራል። ስታያቸው ትጠግባለህ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ በግ አላየሁም። ምንድን ነው ያበላችኋቸው?»

«እኔ ነኛ የቀመምኩት» አልኩት። ኮራሁ፣ ምን ልዋሽ።

«እንግዲያው ለእናቴ በጎች ከዱቄቱ ትንሽ ስጠኝ፤ ሰው ሲሄድ እልክላታለሁ።»

በሳምንቱ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ሞልቼ ላክሁለት። ያኔ ልቡ አገር ቤት ነበር። ሚስቱ ፈሪሃ ሴት ልጅ ወልዳለታለች፣ ስሟን በስልክ ሰዓዳ ብሎ አውጥቷል፣ ገና አላያትም። ሙዲሩን «ሁለት ወር ፈቃድ ስጠኝ፣ ልጄን አይቼ ልመለስ» ብሎ ሦስቴ ጠይቆት ሦስቴም «ከአረፋ በኋላ» ብሎታል። በመጨረሻው ቀን ዓሊዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ መልሶለታል። ይህችን ያዙልኝ።

አረፋ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው በጎቹ ወደ ገበያ ሊሄዱ መኪና ላይ ተጫኑ። ሙቀት ነበር፣ ግፊያ ነበር፣ ሹፌሩም ጯሂ ነበር። በማግስቱ ጁምዓ ነው፤ ዓሊዬ ከወትሮው ቀድሞ ደወለ።

«እያለቁ ነው» አለኝ። «ዐሥራ ስምንት ሞቱ። ወላሂ ትናንት እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነበሩ። ዛሬ ዓይናቸው ቢጫ ነው፣ ድዳቸው ቢጫ ነው። ሽንታቸው ጥቁር ሻይ መስሏል። ቆመው ይንቀጠቀጡና ይወድቃሉ። አንተ የተማርክ ነህ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

ሲነግረኝ የበጉን ምዕራፍ እንደ ትናንት አስታወስኩት። ያንን ምዕራፍ አልዘለልነውም፤ ፈተና ላይም መጥቷል። በግ መዳብ አይችልም። ሌላው እንስሳ የበዛበትን ያስወጣል፣ በግ ግን ጉበቱ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ሲያጠራቅም ምንም አይታይበትም፣ እንዲያውም ያምራል። ከዚያ አንድ ቀን ሲደነግጥ፣ ሲነዳ፣ ሲጠማ ጉበቱ የያዘውን ሁሉ ደሙ ውስጥ ይለቀዋል። ደሙ ይፈርሳል።

«እሸቱ? ትሰማኛለህ?»

«ቆይ፣ መልሼ እደውልልሃለሁ።»

ፍራሼን ገለበጥኩ። ሥዕሎቹ ተደራርበው ተኝተውበታል፣ ያው ፈገግታ፣ ያው የታጠፈ ጆሮ። ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩ። ጡት ለጣሉ የአሳማ ግልገሎች ብቻ ይላል። የአሳማ ግልገል እንዲያድግና ሆዱ እንዳይታወክ መዳብና ዚንክ በብዛት እንደሚሰጠው ያወቅሁት ያኔ ነው፤ መጠኑ ተጽፏል፣ ለበግ ከሚበቃው ዐሥር እጥፍ ይበልጣል። ከእህሉ ማዕድኑን ፈልቅቆ የሚያወጣው ኢንዛይምም ስሙ ተጽፏል። የመጨረሻው መስመር ደመቅ ብሎ ብቻውን ተቀምጧል። ለበግ አይሰጥ።

ሥዕሉ ባይነሳ ኖሮ አብዱልወሀብ ያን ከረጢት በአጠገቡም አያሳልፈውም ነበር። በጎቹን የሚጠብቃቸው ያ አሳማ ነበር። ያነሳሁባቸው እኔ ነኝ።

ወንጌሉ ላይ አጋንንቱ ከሰውየው ወጥተው እሪያዎቹ ውስጥ እንደገቡ እናውቃለን፤ ልጅ ሆኜ ሲነበብ ስሰማ ለእሪያዎቹ አዝኜላቸው አላውቅም። እኔ ደግሞ ከእሪያው አውጥቼ በጎቹ ውስጥ ጨመርኩት።

መልሼ ስደውል ዓሊዬ እያለቀሰ ነበር። «አወቅሁት» አለኝ። «ዓይኔ ነው። ያን ጁምዓ ሳወራህ ማሻአላህ ሳልል ነው ያሞገስኳቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ትዝ ብሎኝ ነበር፣ ከዚያ ተውኩት። ዓይኔ በላቸው፣ እሸቱ። ከእናቴ ወገን ክፉ ዓይን አለ ይባል ነበር፣ እኔ አላምንም ነበር።»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። አፌ ውስጥ መጥታ ቆማ ነበር።

«አላህ ያውቃል» አልኩት።

ሃምሳ ሁለት ሞቱ። ሙዲሩ ወዲያው «መርዝ ነው» አለ፣ መርዝ ከተባለ ደግሞ መራዥ ይፈለጋል፤ ፈቃድ ተከልክሎ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው እዚያው አጠገቡ አለ። ዓሊዬን ሹርጣ ወሰደው።

ሥዕሉን ከነጽሑፉ ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ሄድኩ ነው የምላችሁ፣ እስከ ፖሊስ ጣቢያው ድረስ። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ቡፊያ ነበረች፤ ገብቼ ሻይ አዘዝኩ። ሻዩን ስጨርስ እሻገራለሁ አልኩ። ጠጥቼ ጨረስኩና ሁለተኛ አዘዝኩ። ከሻዩ ቀለም ላይ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። ኢቃማ የለኝም፤ ከተሻገርኩ በዚያው ተርሂል ነው፣ ይዘው ወደ አገሬ ያባርሩኛል። ፋብሪካው ይዘጋል፣ ረሺድም አብሮ ይጠየቃል አልኩ። የረሺድን ስም የጠራሁት ለራሴ ምክንያት ሲያንሰኝ ነው። ከዚያ ሂሳቤን ሰጥቼ ተመለስኩ። ሰው ፈሪ መሆኑን በሃያ እርምጃ መንገድ ላይ ሊያውቅ ይችላል።

ለረሺድ ነገርኩት። ወረቀቱን ሳሳየው አሁንም በእጁ አልነካውም።

«እንዲህ ነው ብዬ አላዝህም» አለኝ። «ያን ቀን ለእኔ ብለህ ነው የቆረጥከው፤ እኔም አለሁበት። ግን ሰውየው ዓይኔ ነው እያለ እንዲቀመጥ ትተወዋለህ?»

«ዝም አይነቅዝም» አልኩት።

ረሺድ ቀና ብሎ አየኝ። «እህል አይደለማ» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ።

ማስረጃ ስላልተገኘበት ዓሊዬን አላስፈረዱበትም። ሁለት ወር አቆይተው ወደ አገሩ ላኩት፣ ተመልሶ እንዳይመጣ ሆኖ። ሻንጣውን ረሺድ ከሐውሹ አመጣው፤ እኔ ዚፑ ስለላላ በገመድ አሰርኩለት። ከብዶኝ ነበር። አልከፈትኩትም። ረሺድ ተርሂል፣ ተባራሪዎቹ የሚቆዩበት ድረስ፣ ወስዶ ሰጠው፤ «እሸቱን አብሽር በልልኝ፣ እሱ እንኳን እንዳይጨነቅ» ብሎ ልኮልኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። በጎቹ ክፍሌ ድረስ መጡ አልልም፣ እብድ አይደለሁም። ግን ጽሑፍ ማለፍ አቃተኝ። የሳሙና መጠቅለያ፣ የቆርቆሮ ዓሣ፣ የመኪና ጎማ፣ ያገኘሁትን ደቃቅ ጽሑፍ ሁሉ ቆሜ እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የማየው የዓይኑን ነጭ ነው። ረሺድ አንድ ቀን «ሐኪም መሰልክብኝ፣ ተወኝ» አለኝ። ራሴንም መስተዋት ላይ የታችኛውን ቆብ ዝቅ እያደረግሁ አያለሁ። ነጭ ነው፤ ሁልጊዜ ነጭ ነው። በግም እስኪደነግጥ ድረስ ነጭ ነው።

ፍራሼን ቀየርኩ፣ ሥዕሉን ግን መጣል አልቻልኩም። ሲጠፋብኝ እፈልገዋለሁ፣ ሳገኘው እሸሸዋለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። እኔን አንድ ፈገግ ያለ አሳማ ወረሰኝ።

ዓሊዬ ከአገር ቤት አንዳንዴ ይደውላል። እኔ አጠር አድርጌ እዘጋለሁ። በ2016 ነሐሴ ላይ፣ እንደገና አረፋ ሊደርስ ሲል፣ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ደወለ። ድምፁ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስታ ነበረበት።

«እሸቱ፣ ያ ጣሳህ ትዝ ይልሃል? የዱቄቱ?»

«የቱ ጣሳ?»

«ለእናቴ በጎች የሰጠኸኝ። ሻንጣዬ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ መጣ። አራት ጠቦት አሉን፤ ከረመዳን በፊት ጀምሮ በየቀኑ ከጨው ጋር ቆንጠር እያደረገች ትሰጣቸዋለች። እኔ አላያቸውም፣ እሷ ናት የምታየው። አምረዋል ትላለች። ለመጪው ቅዳሜ ገበያ እንነዳቸዋለን። የአራት ሰዓት መንገድ ነው።»

አራቱ ጠቦቶች ታዩኝ፤ ጸጉራቸው የሚያበራ፣ ዓይናቸው ነጭ የሆነ፣ ጉበታቸው የሞላ። ቅዳሜ ይነዳሉ፣ ይጠማሉ፣ ውሻ ይጮህባቸዋል። እሁድ ጠዋት ዓሊዬ እንደገና ዓይኔ ነው ይላል።

«ዓሊዬ፣ ዱቄቱን ዛሬውኑ አቁሙ» አልኩት። «በጎቹን አትንዷቸው። አታስደንግጧቸው። እዚያው ጥላ ውስጥ ውሃና ድርቆሽ ብቻ ስጧቸው፣ ወር ሁለት ወር ይቆዩ። ቢታረዱም ጉበቱን እንዳትበሉ።»

«ምን ሆነሃል?»

ነገርኩት። ከአሳማው ሥዕል ጀምሬ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ነገርኩት። መስመሩን ቃል በቃል አነበብኩለት፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። «ዓይንህ አይደለም» አልኩት። «ዓይንህ ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ።»

ከበስተጀርባው አንድ ጠቦት ሲጮህ ሰማሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለኝ።

«ካለቀስክበት ጁምዓ ጀምሮ።»

«ያኔ ስንደዋወል?»

«አዎ። አላህ ያውቃል ያልኩህ ጊዜ አውቄ ነበር።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ በወደድኩ። ዓሊዬ ግን ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር በሚመስል ድምፅ፣ «ከመጣሁ ዐሥር ወሬ ነው» አለ። «ልጄን አንድ ቀን ፊቷን ትክ ብዬ አላየሁትም። ስትመጣብኝ አንገቴን እደፋለሁ። ፈሪሃ አልወደዳትም ብላ ታለቅሳለች። ዓይኔ እንዳይበላት ፈርቼ ነው ብዬ ለሚስቴ እንዴት እነግራታለሁ?»



ስልኩን ሳይዘጋው የሆነ ነገር ላይ አስቀመጠው። ሲራመድ ሰማሁት። «ፈሪሃ» ብሎ ተጣራ፣ «እስቲ ሰዓዳን አምጫት። ወደ ብርሃኑ፣ እዚህ ጋ።» የሕፃን ድምፅ ቀረበ፣ የሆነ ነገር አጉተመተመች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ ፋብሪካው ግድግዳ ጥግ ጸሐይ ላይ ቆሜያለሁ።

«ማሻአላህ» አለ ዓሊዬ። ደገመውና ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተቆረጠ።

ተመልሶ ስልኩን አነሳው። ትንፋሹን ሰማሁ። «ኸላስ፣ በቃ እሸቱ» አለኝ። ወንድሜ አላለኝም። ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ አልደወለልኝም። እኔም ለመደወል ቁጥሩን አወጣና እተወዋለሁ። በጎቹ ምን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።